የትንሿ መኪና በሽታ፦ ከእንግሊዝ ፋብሪካ እስከ ሶዶ ገበያ

ስለ መጫወቻ መኪና ረጅም ጽሑፍ ምን ያደርጋል የምትሉ ትኖራላችሁ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ማለትም በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከታገደ በኋላ፣ የመኪና ወሬያችን ሁሉ ስለ ትልልቆቹ ነው። የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ጥራት አላቸው ወይስ የላቸውም? መለዋወጫ ይገኛል? ማን ይጠግናቸዋል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ችግሩ፣ ጥራት የሚባለው ነገር የት እንደሚጠፋ በትልቁ መኪና ላይ ለማየት አስቸጋሪ መሆኑ ነው። አስመጪው፣ ባንኩ፣ ደላላው፣ መንግሥት ሁሉ መሐል ገብቶበታል፤ ሁሉም ጣቱን ወደ ሌላው ይቀስራል። በመዳፍ በምትያዝ መኪና ላይ ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ስለዚህ ዛሬ ትንሿን ይዘን ከእንግሊዝ እንነሣና ወላይታ ሶዶ እንገባለን።

እ.ኤ.አ. በ1952 ፍሬድ ፍራንሲስ የተባለ እንግሊዛዊ፣ ሙያው መሣሪያ ሠሪነት የሆነ ሰው፣ ሚኒሞደልስ በሚባለው ድርጅቱ እንደ ሰዓት በሞላ የሚሄዱ ትንንሽ የቆርቆሮ መኪኖች ለገበያ አቀረበ። ስማቸው ስካሌክስ ነበር። መኪኖቹ ጥሩ ተሸጡ፤ ሆኖም ልጁ ሞላውን ካጠበቀና መኪናዋን ከለቀቃት በኋላ እጁን አጣጥፎ ከማየት ሌላ ሥራ አልነበረውም። ፍራንሲስ መፍትሔውን በ1957 አመጣ። ቦይ ያለው መንገድ ዘረጋ፤ በቦዩ ግራና ቀኝ የብረት መስመር አስገባ፤ በመስመሩ ኤሌክትሪክ ለቀቀበት፤ ለልጁም መቆጣጠሪያ ሰጠው። ስካሌክስትሪክ የተባለው ይህ ነው። ዛሬ በእንግሊዝኛ ስሎት ካር የሚባሉት የመጫወቻ መኪኖች ብዙዎቹ የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው። የተለመደው መጠናቸው ከእውነተኛው መኪና በ32 እጅ ያነሰ ነው።

ፍራንሲስ ድርጅቱን በ1958 ላይንስ ብራዘርስ ለተባለ ትልቅ የመጫወቻ ኩባንያ ሸጠ። ቆርቆሮው ብዙም ሳይቆይ በፕላስቲክ ተተካ። ላይንስም በ1971 ወደቀ፤ ስሙ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ሆርንቢ ዘንድ ገባ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ምርቱ ወደ ቻይና ሄደ። እስከዚህ ያለው የብዙ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ታሪክ ነው፤ አዲስ ነገር የለበትም። እኔን የሚስበኝ በመሐሉ የተለወጠው ገዢ ነው። በ1957 መኪናዋን የሚገዛው ልጅ ነበር፤ ሊያስሮጣት፣ ከግድግዳ ሊያጋጫት፣ ሊሰብራት። ከአርባ ዓመት በኋላ ግን ዋነኛው ገዢ ያ ልጅ ራሱ ሆነ፤ አሁን ሸብቷል፣ ገንዘብ አለው፣ መኪናዋንም ከሳጥኗ አያወጣትም። ሳጥኗ ካልተከፈተ ዋጋዋ ይጨምራል።

መኪና የማይነዳት ሰው ከገዛት ሠሪው ምን ያደርጋል? ላይዋን ያሳምራል። የመስታወቱ ጥራት፣ የሹፌሩ ራስ ቁር፣ የማስታወቂያው ጽሑፍ በአጉሊ መነጽር የሚታይ ሆነ። ከሥር ግን ሰብሳቢዎች ደጋግመው የሚያማርሩባቸው ነገሮች አሉ። ሻሲው ትንሽ ስለሚጣመም አራቱ ጎማዎች እኩል አይረግጡም። ቸርኬው ፍጹም ክብ አይደለም። የአክሰሉ ቡሽ ላላ ብሎ ይወዛወዛል። ሞተሩ በቦታው አጥብቆ ስለማይቀመጥ ጥርሶቹ እርስ በርስ ይፋጫሉ። ኤሌክትሪኩን ከመንገዱ የምታነሣው፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነች የመዳብ ሽቦ፣ አቅጣጫዋን ስታ ትጣመማለች። አንዳንዱ ጎማ ደግሞ ዓመታት በተቀመጠበት ሳጥን ውስጥ ላስቲኩን የሚያለሰልሰው ቅመም እየወጣ የነካውን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል። መኪናዋ ሳትነዳ ታረጃለች ማለት ነው።

አንድ ብልሃትም አለ። መኪናዋ ኩርባ ላይ ከቦዩ እንዳትወጣ ከሆዷ ሥር ማግኔት ይገጠምላታል። ማግኔቱ የመንገዱን ብረት ይስባል፤ መኪናዋ ተጣብቃ ትሄዳለች። ይህ ለጀማሪ ልጅ ጥሩ ነው። ግን ማግኔቱ የአሠራር ጉድለትን ሁሉ ይሸፍናል፤ የተጣመመው ሻሲም ያልተከበበው ቸርኬም አይታወቅም። ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች መኪና ሲገመግሙ መጀመሪያ ማግኔቱን ያወጡታል። ከዚያ ትንቀጠቀጣለች ወይስ ትሄዳለች፣ እሱን ያያሉ። ይህን ማግኔት ያዙልኝ፤ ኋላ አገራችን ስንገባ እንፈልገዋለን።

ከሁሉም የከፋው በሽታ ግን ከስሎት ካር በፊት የመጣ፣ የሁሉም ከብረት ቀልጠው የሚወጡ ትንንሽ መኪኖች በሽታ ነው። በ1930ዎቹ በእንግሊዝ ሊቨርፑል ሜካኖ የተባለው ፋብሪካ ዲንኪ በሚል ስም የሚሸጣቸውን ትንንሽ መኪኖች መጀመሪያ ከእርሳስ ይሠራ ነበር፤ እርሳስ ስል መጻፊያውን ሳይሆን ከባዱንና ለስላሳውን ማዕድን ነው። ብዙም ሳይቆይ ወደ ዚንክ ዞረ። ዚንክ ጠንካራ ነው፤ ጥርት ያለ ቅርጽ ይይዛል። አንድ ጠላት ግን አለው፤ እርሱም እርሳስ ነው። ከእርሳስ ጥቂት፣ እጅግ ጥቂት ከገባበት፣ ብረቱ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል። እርጥበትና ሙቀት ያፋጥኑታል። ቀድሞ በእርሳስ ይሠራ በነበረ ቤት ውስጥ ደግሞ እርሳስን ከዚንኩ ድስት ማራቅ ቀላል አልነበረም።

የበሽታው ክፋት ጊዜው ነው። መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ጤነኛ ናት። ገዢው ይደሰታል፣ ሻጩ ገንዘቡን ይቆጥራል። ከአሥር፣ ከሃያ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ቀለሟ ይነሣል፣ ገላዋ ያብጣል፣ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጠቅና ሲነኩት ይፈረፈራል። መድኃኒት የለውም። ጥፋቱ የገባው ብረቱ በቀለጠበት ቀን ነው፤ ያን ቀን በድስቱ አጠገብ የቆመው ሠራተኛ ግን የት እንዳለ ማንም አያውቅም። መፍትሔው የታወቀው እዚያው በ1930ዎቹ አካባቢ ነው፤ እጅግ የጠራ ዚንክ መጠቀም። ዛሬ ለዚህ ሥራ በሚውለው የዚንክ ቅይጥ የሚፈቀደው እርሳስ ከሚሊዮን 50 እጅ አይበልጥም።

ቁጥሩን አስታውሱት። እርሳስ ዚንክን ብቻ አይደለም የሚያፈርሰው፤ የልጅንም አእምሮ ይጎዳል። የዓለም የጤና ድርጅት ለልጅ ደኅና ነው የሚባል የእርሳስ መጠን እንደሌለ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2007 ማቴል የተባለው የአሜሪካ ግዙፍ የመጫወቻ ኩባንያ 436,000 ትንንሽ መኪኖችን ከገበያ ሰበሰበ። ሰርጅ የምትባል፣ የታወቀ የካርቱን ፊልም ላይ ያለች ወታደራዊ ጂፕ ነበረች። ቻይና ያለው ውለታ ተቀባይ ፋብሪካ የቀለም ቅቡን ለሌላ ንዑስ ተቋራጭ ሰጥቶ፣ ያ ደግሞ ካልተፈቀደ ምንጭ የመጣ፣ እርሳስ ያለበት ቀለም ተጠቅሞ ተገኘ። በዓመቱ የአሜሪካ ምክር ቤት ሕግ አወጣ። በሕጉ የቀለም እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ከዚያ ይልቅ ግን እኔ ትልቅ የምለው ሌላው አንቀጽ ነው፤ ማንኛውም የልጆች ዕቃ ማን፣ የት፣ መቼ እንደሠራው የሚያሳውቅ ምልክት በራሱ በዕቃው ላይ እንዲኖረው አስገደደ። ማለትም ከድስቱ አጠገብ የቆመው ሰው እንዲታወቅ።

(ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ለመኪናዋ ገላ ጤና የተፈቀደው እርሳስ 50፣ ለልጁ ጤና ሲባል በቀለሟ የተፈቀደው 90 ነው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ብረትና ቀለም አንድ አይለካም። ቢሆንም ይገርማል።)

አሁን ወላይታ ሶዶ እንግባ።

ዳሞታ ተራራ ሥር የተዘረጋችው ይህች ከተማ የመንገድ ከተማ ናት። የሆሳዕናው፣ የሻሸመኔው፣ የአርባ ምንጩ፣ የሳውላው፣ የዳውሮው መንገድ እዚህ ይገናኛል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች። ጊፋታ ሲቃረብ፣ በመስከረም፣ ለልጅ ልብስና ጫማ የሚገዛው ወላጅ ገበያውን ይሞላዋል። ከልብሱ ጎን የፕላስቲክ መኪና አለ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ የሚያብረቀርቅ፣ አንዳንዱ መብራትና ጩኸት ያለው። የሠሪ ስም የሌለው ይበዛል። ሳምንት ሳይሞላው ጎማው ይወልቃል፤ ወላጁ ዕቃውን ይዞ የሚመለስበት ቦታ የለም። ነጋዴውም ቢሆን ከአዲስ አበባ መርካቶ በጅምላ ከማምጣቱ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም።

እዚያው ከተማ፣ ከገበያው በላይና በታች ባሉት ሰፈሮች ሌላ መኪና አለ። ገላው የተጣመመ ሽቦ ወይም የዘይት ጣሳ፣ ጎማው ቆርኪ ወይም ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል የተቆረጠ ክብ፣ መሪው ቀና ብሎ የሚገፋበት ረጅም ዘንግ። ትልልቆቹ ልጆች ደግሞ ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ፈልገው ሳንቃ ላይ ይገጥሙና ቁልቁለቱን ይወርዱበታል፤ ሶዶ ደግሞ ቁልቁለት አላነሳትም። የሽቦው መኪና አያምርም። ሳጥን የለውም፣ ሰብሳቢ አይገዛውም። ግን በሰብሳቢዎቹ መመዘኛ እንመዝነው፦ ሻሲው ከተጣመመ ልጁ በእጁ ያቃናዋል። ጎማው ካልተከበበ ይንገጫገጫል፣ ስለዚህ ሌላ ይቆርጣል። አክሰሉ ከላላ ሽቦውን አንድ ዙር ያጠብቀዋል። ማግኔት የለውም፤ የሚሄደው በትክክል ስለተሠራ ብቻ ነው። ሠሪው፣ ነጂው፣ መካኒኩና ቅሬታ ሰሚው አንድ ልጅ ናቸው። እንዲህ ካሉት ልጆች አንዳንዱ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው አዲስ አበባ ወርዶ የሊስትሮ ሳጥኑንም ራሱ ይሠራዋል።

ድህነትን እያሞገስኩ አይደለም። የሽቦ መኪና የሚሠራ ልጅ ቢችል የተገዛውን ይመርጣል፤ መምረጡም ትክክል ነው። የምለው ሌላ ነው፦ የዚህ ልጅ ዕውቀት በወላይታ ከየት መጣ፣ ከዚያስ የት ቀረ?

በወላይታ ዕቃ የመሥራት ታሪክ እጅግ ሩቅ ይሄዳል። በዳሞታ ተራራ ጎን ሞቼና ቦራጎ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። አርኪዮሎጂስቶች ከ40 ሺህ ዓመት በላይ የሆናቸው የባልጩት መሣሪያዎች አግኝተውበታል። በቅርቡ ዘመን ደግሞ የወላይታ መንግሥት በነበረበት ጊዜ ብረት ሠሪው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው እያንዳንዳቸው በዘር የተለዩ ነበሩ፤ ወጋቻ፣ ጭናሻ፣ ደጌላ ይባሉ ነበር። ከሌላው ጋር አይጋቡም፣ በአንድ ገበታ አይቀርቡም፣ መሬትም የላቸውም ነበር። ብረት ከአፈር ማቅለጥ በዚህ አካባቢ ይታወቅ ነበር፤ በጎረቤት ዳውሮ የነበረውን የማቅለጥ ሙያና ከዘር ክፍፍሉ ጋር ያለውን ትስስር ራንዲ ሃላንድ፣ ጉናር ሃላንድና ዳታ ዴአ አጥንተውታል።

እዚህ ላይ አንድ ቅራኔ አለ፤ ለእኔ የጽሑፉ ሁሉ እምብርት እሱ ነው። ያ የተናቀ ብረት ሠሪ በጥራት ረገድ ከሜካኖ ፋብሪካ ይልቅ ተጠያቂ ነበር። ዶማው ከተሰበረ ገበሬው በሚቀጥለው የገበያ ቀን ይዞት ይመጣል። ሠሪው ይታወቃል፣ ቤቱ ይታወቃል፣ አባቱ ይታወቃል። መጥፎ ብረት አቅልጦ ሠላሳ ዓመት ተደብቆ መኖር አይችልም። ነገር ግን የሚጠየቀው ሰው የሚከበር ሰው አልነበረም። ጥፋቱ ላይ ስሙ ይጠራል፤ ጥሩ ሲሠራ ግን ዶማው የገበሬው ነው። ዋጋ የሚቆርጠውም ከሠሪው ይልቅ ገዢው ነበር። እንዲህ ያለ ሙያ ይጠበቃል እንጂ አያድግም። ልጁ አባቱን ቢያሻሽል ምን ያተርፋል?

በ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ወላይታን ወጋ፤ ንጉሥ ጦና ተማረከ፣ መንግሥቱም ፈረሰ። የሰሜኑ አገዛዝ ሲመጣ ለሠሪው የተለየ ክብር ይዞ አልመጣም፤ ሰሜኑም ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ የሚል ነበርና። አንድ የማይረሳ ዓመት ግን አለ፤ 1900 ዓ.ም.። በዚያ ዓመት ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በረሃና ገደል አቋርጦ፣ አውቶሞቢል አዲስ አበባ አስገባ፤ ምኒልክም ተሳፈሩባት። በዚያው ዓመት እኚሁ ንጉሠ ነገሥት ሠራተኛን በሙያው እየሰደቡ ማዋረድ እንዲቀር አዋጅ አወጡ። መኪናዋና አዋጁ በአንድ ዓመት መጡ። መኪናዋን አገሩ ወዲያው ወደዳት። አዋጁን ግን፣ እውነቱን እንናገር፣ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተቀበልነውም።

ከዚያ በኋላ የማቅለጡ ሙያ በውጭ ብረት እየተበላ ሄደ። ከውጭ የሚገባው ብረት ርካሽ ነው፤ ከጭነት መኪና የሚወልቀው ደግሞ ከርካሽም ያለፈ። በኢትዮጵያ ገጠር ያለ ቀጥቃጭ ሁሉ የሚያውቀው ብረት ባሌስትራ ነው። የከባድ መኪና ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው፤ ይታጠፋል፣ ይመለሳል፣ አይሰበርም። በከሰል አግለው ሲቀጠቅጡት ዶማ፣ ማጭድ፣ ቢላ ይወጣዋል። የመንገድ ከተማ የሆነችው ሶዶ ደግሞ ባሌስትራ አታጣም። አስቡት፤ አንድ አይሱዙ ሕይወቱን በሆሳዕና መንገድ ጨርሶ፣ ሲሞት የቦሎሶ ገበሬ ዶማ ይሆናል። የውጭው ፋብሪካ ጥራት በአካባቢው ሠሪ እጅ ሁለተኛ ሕይወት አገኘ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬት ለሚያርስ ሁሉ መሬት ሲሰጥ ለዘመናት መሬት አልባ የነበሩት ባለ ሙያዎችም የድርሻቸው ባለመብት ሆኑ። ይህ ትልቅ ፍትሕ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ብዙዎች ግን መሬት ሲያገኙ ሙያውን ተዉት። ማን ይፈርድባቸዋል? ሙያው ያወረሳቸው ስድብ ነበር። አዋጁ ሰውየውን ከውርደት አወጣው፤ ሙያውን ግን ከውርደት የሚያወጣው አልተገኘም። ከውርደት ሳይወጣ የቀረ ሙያ ወደ ቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ሲገባም ጥላው ተከተለው። ዛሬም ልጁ ብየዳ ሊማር ነው ሲባል «ውጤት አልመጣለትም?» ብሎ የሚጠይቅ ዘመድ አይጠፋም።

አሁን ያን ማግኔት አምጡልኝ።

በ2002 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሜቴክ፣ ተቋቋመ። አገር በቀል ሠሪ መሆኑ በራሱ መልካም ነበር። የቢሾፍቱ አውቶሞቲቭ አውቶቡሶች አዲስ አበባን ሞሏት፤ ትራክተር ተገጣጠመ፤ የስኳር ፋብሪካና የታላቁ የሕዳሴ ግድብ የብረት ሥራ ተሰጠው። ግን ሥራው የሚሰጠው ያለ ጨረታ፣ ገዢውም መንግሥት፣ ሻጩም መንግሥት ነበር። እንደ ማግኔቱ መኪና ነው፤ ኩርባ ላይ አይወድቅም፣ ስለዚህ ሻሲው መጣመሙ አይታወቅም። ማግኔቱ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ወጣ። የግድቡ የብረት ሥራ ከእጁ ተወሰደ፤ ብየዳው እንደገና የተሠራባቸው ክፍሎችም ነበሩ። ከዚያ በፊት ደግሞ የግሉ ዘርፍ ሙከራ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው ሆላንድ ካር መኪኖቹን በወንዞቻችን ስም፣ አባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ እያለ ገጣጠመና በ2013 ከሰረ። አባይን የገዛ ሰው መኪናው ቀረው፣ ሠሪው ግን የለም።

ከእነዚህ ሁሉ «ኢትዮጵያዊ መሥራት አይችልም» የሚል መደምደሚያ የሚያወጡ ሰዎች አሉ። ይህ አባባል ያው የድሮው የቀጥቃጭ ስድብ ነው፤ ልብሱን ቀይሮ መጣ እንጂ። የዲንኪ መኪኖች የፈረሱት እንግሊዝ መሥራት ስለማይችል ነው? ሰርጅ የተመረዘችው ቻይና ስለማይችል ነው? በሦስቱም ቦታ የጠፋው ነገር አንድ ነው፤ ዕቃው ሲበላሽ የሚጠራ ስም። እንግሊዝና አሜሪካ ያን ስም ለመመለስ ሕግ፣ ላቦራቶሪና የአምራች ምልክት አበጁ። ወላይታ ስሙን ከነቤቱ ታውቀው ነበር፤ ከስሙ ጋር ክብርና ዋጋ አልሰጠችውም እንጂ።

የእኛ ሕግስ? አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የሚኒስትሮች ምክር ቤት በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስን የሚቆጣጠር ደንብ አውጥቷል፤ ጣሪያውም ያው ከሚሊዮን 90 እጅ ነው። በወረቀት ላይ የሶዶ ልጅና የአሜሪካ ልጅ እኩል ናቸው። ልዩነቱ ከወረቀቱ በታች ነው። እዚያ ዕቃው ላይ ምልክት አለ፣ ሲበላሽ ይሰበሰባል። እዚህ የሠሪው ስም የሌለው ቢጫ መኪና ማን ሰብስቦ ለማን ይመልሰዋል? ልጁ ደግሞ መኪናዋን አፉ ውስጥ ይከታታል፤ የሁለት ዓመት ልጅ ሥራው ያ ነው።

ስለዚህ ክልሉ አዲስ፣ ከተማዋም አዲስ ማዕከል በሆነችበት በዚህ ጊዜ የምመኘው ትልቅ ነገር አይደለም። ስም የሌለው የልጅ ዕቃ በጅምላ እንዳይገባ ለነጋዴው ይነገረው። አስመጪው አድራሻውን ዕቃው ላይ ይለጥፍ። ሶዶ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ካለ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ከገበያው ሃያ መኪና ገዝተው ቀለሙን ቢመረምሩ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን፣ ለከንቲባውም የሚጠቅም ሥራ ነው። የሽቦ መኪና የሚሠራውን ልጅም የሚያይ ሰው ይኑር፤ ኩሽኔታ ከሳንቃ ጋር ያጋጠመ ልጅ ነገ ባጃጅ ይፈታል፣ ከነገ ወዲያ የኤሌክትሪክ ሞተር። ስሎት ካር እኮ ሌላ ነገር አይደለችም፤ ሞተር፣ ካርቦን፣ ጥርስና ሽቦ ያላት የኤሌክትሪክ መኪና ናት። በአንድ ካቻቪቴ ተፈትታ ትገጠማለች። አንድ የሙያ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ መኪናን ለማስተማር ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና እስኪገዛለት መጠበቅ የለበትም።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ሊታሰብበት ይገባል፤ እሱም መኪናው ሲሞት የሚሆነው ነው። አይሱዙ ሲሞት ባሌስትራው ዶማ ሆነ። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ሲሞቱ የሚተዉት በዋናነት ባትሪ ነው፤ እሱን በከሰል አግሎ የሚቀጠቅጥ ቀጥቃጭ የለም፤ መሞከርም የለበትም። ከዚያ በፊት ደግሞ የሶዶን መንገድ የሞሉት ባጃጆች አሉ። የእያንዳንዳቸው ባትሪ ውስጥ ያለው ያው እርሳስ ነው፤ ሲደክም ይወልቃል፣ ለቁራሌው ይሸጣል፣ አንዳንዱ የሆነ ጓሮ ውስጥ ይሰበራል፣ አሲዱ መሬት ላይ ይፈሳል፣ እርሳሱ በድስት ይቀልጣል። ከድስቱ አጠገብ የቆመው ሰው በዚህ ጊዜ ሩቅ አገር አይደለም። ጓሮው የማን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል፤ ልጆች የሽቦ መኪናቸውን የሚነዱት በዚያው አጥር ሥር ነው።